ያረጀ የግቢ ስፕሪንክለርን በራስ መጠገን፦ ከቆጣሪው እስከ ሣሩ

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ቆየት ያለ ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር አንድ ጣጣ ይረከባል። ከሣሩ ሥር የተቀበረ፣ ማን እንደዘረጋው የማይታወቅ፣ ካርታ የሌለው የስፕሪንክለር፣ ማለትም የሣር ማጠጫ መስመር። ብርዱ አልፎ ውሃው ሲከፈት አንዱ ጥግ ይደርቃል፣ ሌላው ይጨቀያል፣ የውሃ ቢሉም ይንራል። ባለሙያ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሁሉም ይቀየር» ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። የራሴንም የወዳጆቼንም ግቢ ስጠግን ያየሁት፣ አብዛኛው አሮጌ ሲስተም ጥቂት ዕቃና ብዙ ትዕግሥት እንደሚበቃው ነው። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ሌላ ነገር ነው። የሚታየው ችግርና ትክክለኛው ብልሽት አንድ ቦታ አይገኙም። ሣሩ የደረቀው በአጥሩ በኩል ሆኖ፣ የተበጠሰው ሽቦ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አንዱን ሲጠግኑት ሌላው ይፈነዳል። የሚያፈሰው ቀዳዳ ሲደፈን በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ለዓመታት በዝቅተኛ ግፊት የኖረ ደካማ መጋጠሚያ ያን ጊዜ ይለቃል።

ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከቆጣሪው ተነስታችሁ ወደ ሣሩ ሂዱ። አካፋ የሚነሳው በጣም ዘግይቶ ነው።

የት ምን እንዳለ እወቁ

ሲስተሙ የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ ዋናው የውሃ መስመር ከገባበት አጠገብ፣ ለስፕሪንክለሩ ብቻ የሚሆን መዝጊያ አለ። መዝጊያው ጎን ላይ ትንሽ የነሐስ ክዳን ካለች፣ ብርዱ ከመምጣቱ በፊት መስመሩ ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው። ይህች ክዳን ሳትጠብቅ ውሃ ከተለቀቀ ቤዝመንቱ ይርሳል። ውሃውን ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሷት።

መስመሩ ግድግዳውን አልፎ ይወጣና ባክፍሎው ወደሚባለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ወደሚከላከለው የነሐስ ዕቃ ይገባል። ከዚያ መሬት ውስጥ ወርዶ ቫልቮቹ ወደተቀበሩበት ሳጥን ይሄዳል። እያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ዞን፣ ማለትም አብሮ የሚጠጣ አንድ የግቢ ክፍል ይከፍታል። ጋራዥ ግድግዳ ላይ ያለው ታይመር 24 ቮልት ያህል እየላከ ቫልቮቹን በየተራ ያነቃቸዋል።

አስቸጋሪው የቫልቩን ሳጥን ማግኘት ነው። አረንጓዴ ክዳኑን ሣርና አፈር ውጦት ይሆናል። ከባክፍሎው ጀምራችሁ ረጅም ጠፍጣፋ መፍቻ በየክንድ ርቀቱ ቀስ እያላችሁ ሰክታችሁ ፈትሹ። ክዳኑን ሲነካ ባዶ፣ የፕላስቲክ ድምፅ ይሰጣል። ካልተገኘ የሽቦ መከታተያ መሣሪያ መከራየት ይቻላል። ታይመሩ ዘንድ ከሽቦው ጋር ይያያዝና በእጅ በሚያዘው ክፍል ሽቦው በመሬት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ እየሰማችሁ ትከተሉታላችሁ። ያገኛችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከግድግዳው ስንት ጫማ፣ ከዛፉ ስንት ጫማ እያላችሁ።

811 ደውሉ

መሬት የሚቆፈር ከሆነ፣ የተቀበረ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ ወይም የሌላ ድርጅት መስመር እንዳይመታ አስቀድሞ 811 ይደወላል። ይህ ቁጥር በመላ አሜሪካ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ለባለቤቱም በነፃ ነው። ጥቂት የሥራ ቀናት ጠብቁ። የድርጅቶቹ ሰዎች መጥተው ሣሩ ላይ በቀለም ያመለክታሉ፦ ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኬብል፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ልብ በሉ፣ የሚያመለክቱት የድርጅቶቹን መስመር ብቻ ነው። የራሳችሁን የስፕሪንክለር ቧንቧ ወይም ከቤት ወደ ጓሮ መጋዘን የሄደውን ሽቦ አያመለክቱላችሁም።

ቆጣሪውን አንብቡ

ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ልብስ ማጠቢያውም፣ የበረዶ መሥሪያውም ይቁም። የስፕሪንክለሩን ዋና መዝጊያ ግን ክፈቱ። ስትከፍቱ በጣም ቀስ ብላችሁ ይሁን። ባዶ ቧንቧ ውስጥ በአንዴ የተለቀቀ ውሃ አየሩን እየገፋ ሄዶ መጋጠሚያዎችን ይመታል። አሮጌ መስመር ደግሞ ይህን ምት አይችልም።

ዞኖቹ በሙሉ ተዘግተው ሳለ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ወይም የፍሰት ምልክት ተመልከቱ። ከተንቀሳቀሰች ውሃ እየሄደ ነው። አሁን የስፕሪንክለሩን መዝጊያ ዝጉ። ቆመች? ፍሳሹ ያለው ከመዝጊያው ወዲያ፣ ሁልጊዜ ግፊት ባለበት ዋና መስመር ላይ ነው፤ ወይም አንዱ ቫልቭ በደንብ አልተዘጋም። አልቆመችም? ችግሩ ከስፕሪንክለሩ ውጭ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱን ፈትሹ። ይህ ቀላል ሙከራ ግቢውን በሙሉ ከመቆፈር ያድናል።

ትንሽ ፍሳሽ አትናቁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው 1/32 ኢንች የምትሆን ቀዳዳ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች፣ በወር 6,300 ጋሎን ያህል ውሃ ልታባክን ትችላለች። ወደ 24 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። ዴንቨር በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ 14 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ከምትጠቀመው ውሃ ግማሽ ያህሉ ከተራራው ማዶ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ተፋሰስ፣ በዋሻ ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በየመንገዱ ዳር የሚፈሰውን ውሃ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ባክፍሎው

ግድግዳው አጠገብ ከፍ ብሎ የቆመው፣ ሁለት እጀታና ከላይ ቆብ ያለው የነሐስ ዕቃ ነው። ሥራው በሣሩ ላይ የቆየ ውሃ፣ ከነማዳበሪያውና ከነውሻ ቆሻሻው፣ ወደ ኩሽናችሁ ቧንቧ ተመልሶ እንዳይሳብ መከላከል ነው። እያፈሰ አስቸገረኝ ብሎ አውልቆ ቧንቧውን በቀጥታ ማገናኘት በፍጹም አይደረግም። የቤተሰብም የጎረቤትም ጤና የሚነካ ነገር ነው።

ውሃው ሲከፈት ከቆቡ ሥር ለአፍታ ቢረጭ ጤነኛ ነው። ግፊቱ ሲሞላ ውስጡ ያለው ክፍል ተነስቶ ይዘጋዋል። መርጨቱን ካላቆመ ግን ብርድ ሳይመታው አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ክፍል ነው፤ ለየሞዴሉና ለየመጠኑ የመጠገኛ ዕቃ ይሸጣል። ነሐሱ ራሱ ከተሰነጠቀ ሙሉውን መቀየር ግድ ነው። ስትተክሉት ከሁሉ ከፍ ብሎ ካለው ስፕሪንክለር ቢያንስ 12 ኢንች በላይ መሆን አለበት። ከተጠገነ በኋላ ፈቃድ ያለው ሰው እንዲፈትሸው የሚያዙ ከተሞች ስላሉ፣ የሰፈራችሁን የውሃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ዞኖቹን አንድ በአንድ አስነሱ

ታይመሩን በእጅ ማስነሻ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ዞን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። ምንም አትጠግኑ፤ እየዞራችሁ ብቻ ጻፉ።

ዞኑ ጨርሶ ካልተነሳ ኤሌክትሪክ ወይም ቫልቭ ነው። አልዘጋ ካለ ቫልቭ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይም ላስቲኩ ተቀዷል። ሁሉም ራሶች፣ ማለትም ከመሬት ብቅ ብለው ውሃ የሚረጩት ጫፎች፣ ደክመው ግማሽ ድረስ ብቻ ከወጡ፣ ከቫልቩ በኋላ ያለው ቧንቧ ያፈሳል፤ ወይም የዛፍ ሥር አጣቦታል። አንዱ ብቻ ከደከመ የራሱ ማጣሪያ ተደፍኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያለ ራስ ውሃው ከቆመ በኋላም ያንጠባጥባል። ለጥቂት ደቂቃ አንጠባጥቦ ካቆመ፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታች እየወረደ ነው። ያንን ራስ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ግፊቱ ሲቆም የቀረውን ውሃ የሚይዝ መዝጊያ ባለው መቀየር ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ካንጠባጠበ ግን ጥፋቱ የዚያ ራስ አይደለም። ቫልቩ አልዘጋም። ራሱን ደጋግሞ መቀየር ምንም አያመጣም።

አንድ ዞን በቀን ሁለት ሦስቴ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ታይመሩን ከመጣላችሁ በፊት ፕሮግራሙን እዩ። በአብዛኞቹ ታይመሮች የመነሻ ሰዓት የሚሞላው ለፕሮግራሙ እንጂ ለየዞኑ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት ለስድስት ዞን ስድስት መነሻ ሰዓት ሞልቶ ከሆነ ሙሉው ግቢ ስድስት ጊዜ ይጠጣል። አንድ መነሻ ሰዓት አስቀሩ። የቀረውን ዞን ታይመሩ ራሱ በየተራ ያስነሳዋል።

ኤሌክትሪኩን ከቫልቩ ለዩ

ያልተነሳው ዞን ቫልቭ ዘንድ ሂዱ። ላዩ ላይ ሁለት ሽቦ የወጣበት ጥቁር ቆብ ሶሌኖይድ ይባላል። ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ አላሉት። ዞኑ ከተነሳ ቫልቩም ቧንቧውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ሽቦው፣ ሶሌኖይዱ ወይም ታይመሩ ነው። ካልተነሳ ቫልቩ ራሱ ነው። መልሳችሁ ስታጠብቁት በእጅ ብቻ ይሁን።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ርካሽ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይበቃችኋል። ዞኑ በርቶ ሳለ ታይመሩ ላይ ለዞኖቹ ሁሉ በሚያገለግለው በጋራው ሽቦና በዞኑ ሽቦ መካከል ለኩ። ከ24 እስከ 28 ቮልት ከታየ ታይመሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀጥሎ ታይመሩን ከሶኬት ንቀሉና የዞኑን ሽቦና የጋራውን ሽቦ አውጥታችሁ በኦም ለኩ። ከ20 እስከ 60 ኦም ከሆነ ጤነኛ ነው። ማንበቢያው ማለቂያ የሌለው ከሆነ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል ወይም ሶሌኖይዱ ተቃጥሏል። ያንኑ ልኬት ቫልቩ ዘንድ ሶሌኖይዱን ለብቻው ነጥላችሁ ድገሙት። እዚያ ጤነኛ ሆኖ ታይመሩ ዘንድ ካልሆነ ችግሩ መሬት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሁሉም ዞኖች በአንድ ጊዜ ከሞቱ የጋራውን ሽቦ ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ከተወሰነ ሳጥን ወዲያ ያሉት ብቻ ከሞቱ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለውን መጋጠሚያ ፈልጉ። በአሮጌ ግቢ ሽቦው የተቋጠረው በተራ ቴፕ ይሆናል። ቴፑን ስትፈቱት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። እስከ ንጹሕ መዳብ ድረስ ቆርጣችሁ፣ ውስጡ ቅባት ባለው ውሃ የማያስገባ መጋጠሚያ እንደገና ቋጥሩት። በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ዋጋ የለውም።

ቫልቩን ስትከፍቱ

ዋናውን ውሃ ዝጉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጭቃና ውሃ በቆርቆሮ ቅዱና በጨርቅ አድርቁ። ጭቃው ቫልቩ ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ዙሪያውን ያሉትን ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቆቡ ሲነሳ ጠንካራ ስፕሪንግ ብድግ ይላል፤ በእጃችሁ ያዙት። ከሥሩ ያለው ክብ ላስቲክ ዲያፍራም ይባላል። ወደየት ዞሮ እንደተቀመጠ አስተውላችሁ አንሱት።

አሁን በደንብ ተመልከቱ። ላስቲኩን ወደ ብርሃን አቅርቡና ጠርዙን በጣታችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት። ስንጥቅ ካለ ይከፈታል። መሐሉ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ውሃ የምታሳልፍ ደቃቅ ቀዳዳ አለች። ከተደፈነች ቫልቩ አይዘጋም። ከዚያ ላስቲኩ የሚቀመጥበትን ክብ ከንፈር በጣት ዙሩት። የጤፍ ፍሬ የምታክል አሸዋ እዚያ ከተቀመጠች ዞኑ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል። እንዲህ ያለች አሸዋ በንጹሕ ውሃ ታጥባ ስትሄድ ጥገናው እዚያው ያበቃል።

ላስቲኩ ከተቀደደ የሞዴሉን ስም ከቆቡ ላይ አንብባችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ሬይን በርድ፣ ሀንተር፣ ቶሮ እያንዳንዳቸው የተለያየ ላስቲክ አላቸው፤ ተመሳሳይ መስሎ የማይገጥም ብዙ ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው አንድ ዘዴ አለ። ያው ሞዴል ዛሬም የሚሸጥ ከሆነ ሙሉ አዲስ ቫልቭ ግዙና ቆቡን፣ ላስቲኩን፣ ስፕሪንጉንና ሶሌኖይዱን ብቻ አውጥታችሁ በአሮጌው አካል ላይ ግጠሙት። ቧንቧ አይቆረጥም፣ ሙጫ አይነካም። ቡሎኖቹን ስትመልሱ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ።

ቧንቧው ከሆነ

አሁን አካፋው ይነሳ። ሣሩን በአራት ማዕዘን ቆርጣችሁ ከነአፈሩ ሸራ ላይ አኑሩት፤ ውሃ አርከፍክፉበት። ጉድጓዱን ከሚያስፈልገው በላይ አስፉት። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ሳይነካው ቧንቧ መግጠም አይቻልም።

እዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ቧንቧ ታገኛላችሁ። ነጩ ድርቅ ያለው ፒቪሲ ነው። ጥቁሩ ተጣጣፊ ፖሊ ነው፤ ከቫልቩ በኋላ በብዛት ያለው እሱ ነው። ሁለቱም «አንድ ኢንች» ቢባሉ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የተቆረጠውን ቁራጭ ይዛችሁ ግዙ።

ለፖሊ ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና በብረት ማሰሪያ ይታሰራል። አሮጌ ፖሊ ደርቆ አልገባም ካለ ጫፉን ለጥቂት ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። በእሳት አታሙቁት። ለፒቪሲ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አድርቁ፣ መጀመሪያ ፕራይመሩን ከዚያ ሙጫውን ቀቡ፣ ሩብ ዙር እያዞራችሁ አስገቡና 30 ሰከንድ ያህል ያዙት። መሬት ውስጥ ያለ ፒቪሲ ስለማይጎብጥ በሁለት ጫፍ መካከል ለማስገባት የሚረዝም የሚያጥር መጋጠሚያ ግዙ። ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት በሙጫው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። በቅዝቃዜ ጊዜው ይረዝማል።

ጉድጓዱን ገና አትድፈኑት። የዞኑን የመጨረሻ ራስ አውልቃችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ልቀቁት። ይህ ካልተደረገ የገባው አፈር በሙሉ ራሶቹን ይደፍናል። ያኔ ጥገናው ያበላሸው ይመስላችኋል።

ራሶቹ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ፣ የተሰበረውን መቀየር፣ አፉን ከመሬት እኩል ማድረግ። አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። ባለበት የሚረጨውና እየዞረ የሚረጨው ራስ በአንድ ዞን አይቀላቀሉም። የመጀመሪያው በሰዓት 1.5 ኢንች ያህል ውሃ ሲያፈስ ሁለተኛው ግማሽ ኢንች ገደማ ነው። ከተቀላቀሉ አንዱ በኩል ረግረግ፣ ሌላው በኩል ገለባ ይሆናል። ግፊትም ይለያያሉ፤ የቆመው 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ የሚዞረው 45 ያህል ይፈልጋል። ውሃው እንደ ጉም ከተበተነ ግፊቱ በዝቷል።

ከጥገናው በኋላ

አዲሱ ግፊት ደካማውን መጋጠሚያ የሚፈትነው ከጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ሲስተሙን በቀን፣ እናንተ እያያችሁ አስነሱት። የቆጣሪውን ሙከራ ድገሙ። ሌላ ቦታ ቢፈነዳ የመጀመሪያው ሥራ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ መስመሩ ቀጣዩን ደካማ ቦታውን እያሳየ ነው። እኔ ከሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ዙር በኋላ ሲስተሙ ሲረጋጋ አይቻለሁ። ነገር ግን ያው ቧንቧ በየጊዜው በተለያየ ቦታ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ፍሳሹ ከመኪና መግቢያው ኮንክሪት ሥር ከሆነ፣ ያንን ክፍል ለባለሙያ ስጡ። እዚያ ላይ ግትርነት አያዋጣም።

ታይመሩን ስትሞሉ የከተማችሁን ደንብ ተከተሉ። ዴንቨር በተለመደው ዓመት በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ማጠጣት አይፈቅድም፤ በበጋ ከጠዋቱ 10 እስከ ምሽቱ 6፣ በአሜሪካ ሰዓት፣ ማጠጣት ክልክል ነው። አፈሩ ሸክላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይሰርግም። አንዱን ረጅም ጊዜ ለሁለት ከፍላችሁ በመሐሉ ዕረፍት ስጡት።

ብርዱ ከመምጣቱ በፊት

እዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ በኦክቶበር መጀመሪያ ሊመጣ ይችላል። በሚቀጥለው ጸደይ የምትጠግኑት ነገር የሚወሰነው ያን ሰሞን ነው። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር እያንዳንዱን ዞን አንድ በአንድ ንፉ። ለፖሊ ከ50 ፒኤስአይ፣ ለፒቪሲ ከ80 አይለፍ። መነጽር አድርጉ። አየር ሳለበት ቫልቭ ወይም ራስ ላይ አትጎንበሱ። ውሃው አልቆ ጭጋግ ብቻ ሲወጣ ወደ ቀጣዩ ዞን እለፉ። ባዶ መስመር ውስጥ አየር ብቻውን ሲሮጥ ፕላስቲኩን ያግላል። ሲያልቅ የባክፍሎውን ሁለት እጀታዎች ግማሽ መንገድ ላይ፣ በ45 ዲግሪ፣ ተዋቸው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጉ በመዝጊያው ውስጥ ባለው ኳስ የቀረችው ጥቂት ውሃ በረዶ ሆና ነሐሱን ትሰነጥቀዋለች።